አፉን የሚሸፍን እጮኛ

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስድስት ዓመት የሠራች ሴት ባታፈቅር ይሻላል። ይህን የምለው ከራሴ ተምሬ ነው። በእነዚህ ዓመታት ደባርቅ ውስጥ የተፋታ ሰው ሁሉ ወረቀቱ በእኔ እጅ አልፏል። ባል ሲዋሽ ከየት እንደሚጀምር፣ ሚስት መቼ እንደምትነቃ፣ ምስክር ምን ብሎ እንደሚምል በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልቤ «እመኚው» ሲለኝ ጭንቅላቴ «ማስረጃው የታለ?» ይላል። ጓደኛዬ ሲሲ «አንቺ እኮ የሚስምሽን ሰው ፊርማ ታስፈርሚያለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከአንዲት ዶሮ ከታቀፈች ሴትዮና ከመስኮቱ መካከል ተጣብቄ የተቀመጥኩት እጮኛዬን ከሌላ ሴት ጋር እጅ ከፍንጅ ልይዝ ነበር። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች ቤታችን ይሰበሰባሉ። የእናቴ ሐሳብ ተቆርጦ አልቋል፤ የአለነ ቀለበት ይመለሳል። የቀረው የእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ቃሉን ለመናገር ደግሞ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

አለነን ያወቅኩት ለአባቱ የይዞታ ጉዳይ አንድ አሮጌ መዝገብ ሊያስወጣ ሲመጣ ነው። ሦስት ቀን አመላለስኩት። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ከእኔው ጠረጴዛ ሥር ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህብኝ ነበር። እሱ ግን ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀና «አይዞሽ፣ እኔም በቅሎዬ ላይ ተቀምጬ በቅሎ ፈልጌ አውቃለሁ» አለኝ። እኔ የወደድኩት ያንን ሳቅ ነው።

የጊች ልጅ ነው፤ ተራራው ላይ፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው መንደር። ቤተሰቡ ከፓርኩ ተነሥቶ ደባርቅ ዳር ከሰፈረ ወዲህ፣ እሱ ዳማ በምትባል በቅሎው የቱሪስት ጓዝ እየጫነ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። እኛ ደግሞ የእህል ነጋዴ ቤት ነን። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን ያቆመችው እናቴ ወይዘሮ ይርገዱ ናት። ለሠርግም ሆነ ለተዝካር ሽሮውና ቆሎው ከእሷ እጅ ካልወጣ የደባርቅ ሰው ደስ አይለውም፤ ለቀማዋ የታወቀ ነው። አለነ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲሏት «ልጄን ያስተማርኳት በቅሎ ልትጎትት ነው?» ብላ ሁለት ዓመት እምቢ አለች። በጥር ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ልቧ ራራ። የዚያን ዕለት ራሷ ለቅማ የቆላችውን ቆሎ በገዛ እጇ ዘገነችለት። እሱም ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፣ ቆረጠመ፣ አመሰገናት። ቀለበት አሰርን። በሥጋ ወደሙ ልንጋባ ለግንቦት ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ተለወጠብኝ። መጀመሪያ የጠፋው ሳቁ ነው። የሚያስቅ ነገር ስነግረው እጁን አፉ ላይ ያደርግና በአፍንጫው ብቻ እህ ይላል። በእኛ ሥራ አፉን እየሸፈነ የሚናገር ምስክር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቀጥሎ ከእናቴ ቤት እህል መቅመስ ተወ። ሲመጣ ደጃፍ ላይ ሰላም ብሎ ይመለሳል። ቁጭ በል ሲባል «በልቻለሁ» ይላል። እናቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረችው። «ናቀኝ» አለች፤ «ልጄን እስኪያገኝ ነው ያጎነበሰው።» ከዚያ ወንድሜ ልደቱ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ «ዳማን ሸጧታል» የሚል ወሬ ይዞ መጣ። በቅሎውን የሸጠ የበቅሎ ሰው ምን ሊሠራ ነው?

አንድ ቀን ደግሞ ስልኩን አጠገቤ ትቶ ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ መልእክት ገባ። አላነብም ብዬ አነበብኩት። «ዓርብ አራት ሰዓት እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፤ ተራራ እንዳትወጣ። አደራ። ዓለም» ይላል። እኔ በዝናብ እንኳ ቅር ብሎኝ ያልከለከልኩትን ተራራ፣ ይህች ዓለም የምትባል ሴት ከለከለችው። እሱም እሺ ብሏት ሁለት ወር ሙሉ ወደ ተራራው አልወጣም። ይህ ነው ያቃጠለኝ።

* * *

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስወጣ ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ነፋስ ነበር። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ስቦታል።

«ማዕረግ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«እሺ፣ በል።»

«ቁርባኑ ይዘግይልኝ።»

ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«ሐምሌ አቦ እስኪያልፍ።»

«በክረምት? ማነው በጭቃ የሚሞሸረው፣ አለነ?»

«አሁን ሥጋ ወደሙን መቀበል አልችልም። ከንስሐ አባቴ ጋር ተማክሬአለሁ። አባ ቢራራ ቆይ ብለውኛል።»

«ምን ሠርተህ ነው ቆይ የተባልከው?»

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አነሣ። ከጋቢው ውስጥ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገና ቶሎ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። ቶሎ ብሎ ነው እንጂ እኔስ አይቼዋለሁ። የመሐረቡ ጠርዝ ቀይ ነው። ከንፈር ቀለም!

«እመኚኝ» አለኝ።

«በምን?» አልኩት። ጥዬው ሄድኩ፤ ግን እስከ ቤት ድረስ ይጠራኛል እያልኩ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር የሄድኩት። አልጠራኝም።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። መጮኹን ነበር የምመርጠው። «ቁርባን የሚፈራ ሰው የሚፈራበት ነገር አለው» አለች። ያን ቀን ማታ ሲሲ ደግሞ ከጎንደር ያመጣችውንና ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዷ የያዘችውን ነገር አወጣችው። በዓርብ ቀን አለነን ከአንድ ፎቅ ሥር ከአንዲት ቆንጆ ሴት ጋር ቆሞ አይታዋለች። ሴትየዋ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ ዓይኗን ተክላ ታየው ነበር። «እንደ ልጇ ነው የምታየው፤ እሱም እንደ ልጅ ቆሞላታል» አለችኝ። ሲሲ በተመለሰችበት መኪና እሱም ነበር፤ ደባርቅ ግን አልደረሰም። ዳባት ወረደ።

ዳባት የምትኖር አንዲት አክስት እንዳለችው አውቃለሁ፤ እማማ ጠጅቱ ይሏታል። ግን ስንት ባል ነው «አክስቴ ጋ አደርኩ» ብሎ በእኔ መዝገብ ላይ የፈረመው?

ዓርብን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዳኛ የጻፈው ነበር የሚመስለው። አንደኛ፣ ሳቅህን ደብቀኸኛል። ሁለተኛ፣ ከእናቴ ማዕድ ሸሽተሃል። ሦስተኛ፣ በቅሎህን ለማን ብለህ እንደሸጥክ አልነገርከኝም። አራተኛ፣ ከሥጋ ወደሙ ፊት ወደ ኋላ ብለሃል። ስለዚህ ቀለበትህን ተቀበል። ከታች አንድ መሥመር ጨምሬ ነበር፤ እሱን በእስክሪብቶ ደጋግሜ ሰረዝኩት። እጄ ላይ ያለውን ቀለበት እያየሁ አለቀስኩ፤ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።

* * *

ዳባት ስወርድ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከመንገዱ ዳር ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የእማማ ጠጅቱን ቤት ጠየቅኳት።

«ከባሕር ዛፉ በላይ ያለችው ቆርቆሮ ቤት ናት» አለችኝ። «ምነው፣ አራስ ልትጠይቂ ነው?»

«የምን አራስ?»

«እኔስ መች አወቅኩት! ብቻ እማማ ጠጅቱ ዘንድሮ አጥሚት ሲያፈሉ ነው የከረሙት። ማርያም ማሪኝ ሲባልም አልሰማን፣ እልልታም አልሰማን። ዓርብ ዓርብ አንድ ጎልማሳ ይገባል፤ ሌላውን እንጃ።»

ከንፈር ቀለም ጠርጥሬ ነበር፣ ቆንጆ ሴት ጠርጥሬ ነበር፤ ልጅ ግን አልጠረጠርኩም። የቁርባኑ ነገር ወዲያው ገባኝ። አባ ቢራራ ቆይ ያሉት ለዚህ ነዋ! ዳማም የተሸጠችው ለአራሷ ቀለብ ነዋ! ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በመንገድ ላይ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ እየረገምኩ ነበር።

በሩ ክፍት ነው። አጥሚቱ ከደጅ ይሸታል፤ ቅቤ የለበትም እንጂ የአራስ ቤት ሽታ ነው። አንዲት ቀጭን አሮጊት ከምድጃው ዘንድ ቀና አሉ።

«ግቢ ልጄ። አንች ማነሽ?»

«ማዕረግ ነኝ።»

«የአለነ ማዕረግ?» ብለው ፊታቸው በራ። ስሜ በዚያ ቤት መታወቁ የባሰ አናደደኝ።

«አራሷ የት ናት?» አልኳቸው።

«የምን አራስ?»

ከጓዳው በኩል መጋረጃ ተጋርዷል። ከጀርባው ሰው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አልጠበቅኩም፤ ሄጄ መጋረጃውን በኃይል ገለጥኩት።

አለነ ነው። ሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። አንዱ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ተወትፏል። በአንድ እጁ የአጥሚት ኩባያ፣ በሌላው ማንኪያ ይዟል። ሲያየኝ ሊነሣ ጎንበስ አለ።

«አታጎንብስ!» ብለው ጮኹ እማማ ጠጅቱ። «ሐኪሟ ምን አለችህ!»

አራሱ እሱ ነበር።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ትስቅ ነበር። እኔ ግን «ማነው የመታህ?» አልኩት።

«ማን ይመታዋል፣ ጥርሱ ነው እንጂ» አሉ አክስቱ፣ በርጩማ እያቀረቡልኝ። «ላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ተሰነጠቀና ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ዘለቀ። በየካቲት ነቀሉት። በቦታው ሰው ሠራሽ ሊተክሉለት፣ ብሎን የመሰለ ነገር ነው አሉ፣ ቢያዩት አጥንቱ ሳስቷል። ከበላዩ ሳይነስ የሚሉት ባዶ ቤት አለ አሉ። ብሎኑ ወደዚያ እንዳያልፍ ሥሥ ጣሪያውን ከፍ አድርገው ከሥሩ የአጥንት ዱቄት ሞሉበት። የምን አጥንት ስለው የበሬ አለኝ። በሁዳዴ! የበሬ አጥንት በሁዳዴ!»

«አባ ቢራራን ጠይቄአለሁ እኮ፣ አክስቴ» አለ አለነ በአፉ ጥግ። «‹አኝከህ ዋጥከው ወይ?› አሉኝ። ‹አይ› አልኳቸው። ‹እንግዲያስ ጾምህን ጹም፣ አታድክመኝ› አሉኝ።»

«ዶክተር ዓለምብርሃን ነፍስ ያላት ልጅ ናት» አሉ እማማ ጠጅቱ፣ ከእሱ ይልቅ ለእኔ መናገር ጥሟቸው። «አታጎንብስ፣ አትናፈጥ፣ ከባድ አታንሣ፣ ተራራ አትውጣ ብላ በቃልም በስልክም ነገረችው። እሱ ስቅለት ዕለት ከሰው እኩል ልስገድ ብሎ ተነሣ! ስንት ጊዜ እንደሰገደ እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ። የተሰፋው ተፈታ፣ ደሙ በአፍንጫው መጣ። ትናንት እንደ አዲስ ከፍታ ሰፋችው።»

ዓለም። ዓለምብርሃን። ጉንጩን ይዛ ወደ ብርሃን ያዞረችው። በመሐረቡ ላይ ያየሁት ቀይ ነገር። አንድ በአንድ ከእጄ ወደቁ።

«ደም እየመጣብኝ ወደ ሥጋ ወደሙ መቅረብ አልችልም፣ ማዕረግ» አለ አለነ። «አባ ቢራራ ቁስሉ ይድረቅ አሉ። ሐኪሟ ቢያንስ ከወር በላይ አለችኝ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ሐምሌ ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ግን ያቺ መዝገብ ቤት የምትሠራው ማዕረግ ውስጤ ብድግ አለች። ጥርስ መታመም ነውር ነው? ለምን ተደበቀ? ከቦርሳዬ ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁት።

ቀስ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«የሰረዝሽው ይነበባል» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። «ወደ ጥያቄዬ ተመለስ። ጥርስህ እንዴት ተሰነጠቀ?»

ደብዳቤውን አጣጠፈው።

«ልደቱ ነው? ወንድሜ ነው የመታህ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ታዲያ ማነው? ማንን ነው የምትሸፍነው?»

«ንገራት እንጂ፣ ይህችን የመሰለች ልጅ ቀለበት ልትመልስ መጥታ!» አሉ እማማ ጠጅቱ።

«አክስቴ፣ እባክዎን።»

«እኔ እነግራታለሁ። ጠጠር ነው ልጄ። ከቆሎ ውስጥ ጠጠር ነክሶ ነው።»

«የማን ቆሎ?»

እማማ ጠጅቱ ድንገት ምድጃው ናፈቃቸው፤ ተነሥተው ሄዱ። አለነ ግድግዳውን ያያል። እኔም ያን ጊዜ ሰማሁት። የሰማሁትን እንደገና ሰማሁት ማለቴ ነው። በጥር፣ እናቴ በዘገነችለት ጊዜ፣ ቀጭ ያለ ድምፅ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰምቶታል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ውዱ «የጊች ጥርስ ገብስ አይፈራም!» ብለው ሁላችንም ሳቅን። አለነ ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር። ዓይኑ ውኃ ሞልቶ ነበር። እኔ የደስታ መስሎኝ፣ እሱን እያየሁ የራሴንም እንባ ጠርጌ ነበር።

«ጠጠሩንስ የት አደረግከው?» አልኩት።

«ዋጥኩት።»

«ለምን አትተፋውም!»

«በሽማግሌ ፊት? እናትሽ ከሁለት ዓመት በኋላ በእጃቸው የሰጡኝን?»

«አንድ ጠጠር ነው፣ አለነ! ማንም ቤት ይገኛል። ስቀን እናልፈው ነበር።»

«አንድ አልነበረም» አለ። ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ አስቀመጠ። «ሦስት ነበሩ። ሁለቱን በምላሴ ለይቼ ጉንጬ ውስጥ ያዝኳቸው። ማዕረግ፣ እናትሽ አያዩም። ቆሎውን ሲዘግኑልኝ እጄን ዳብሰው ነው ያገኙት።»

አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ፣ በየቀኑ ሰው ሲዋሽ እያነበብኩ፣ ይህን አላየሁም። ወደ በሩ ዞሬ ደጁን አየሁ።

«እንጀራቸው ዓይናቸው ነው» አለ ከኋላዬ። «ይርገዱ ቤት ጠጠር ተገኘ ከተባለ ማን ይገዛቸዋል? እሳቸውም ያውቁታል መሰለኝ፤ አውቀው ነው የሚደብቁት። ታዲያ እኔ ልሁን የማወጣባቸው? እህላቸውን ያልቀመስኩት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ብነክስ ኖሮ ጥርሴን ይዤ እጮህ ነበር።»

«ተነቅሎ ቢቀርስ? ምን ብለህ ብሎን ትተክላለህ?»

«ክፍት ሆኖ ስስቅ የት ሄደ ትይኛለሽ። አንቺ ደግሞ ከጠየቅሽ አታቆሚም።»

«ዳማንም ለዚህ ሸጥካት።»

«ዳማ አርጅታለች።»

ዳማ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአለነ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ውሸት ይኸው ነው። በአፉ ጥግ፣ በጥጡ ውስጥ፣ በዚያ ባበጠ ጉንጭ ሲዋሸኝ እንደ ልጅ አስለቀሰኝ። ተነሥቼ እጁን ያዝኩት። እጁ ትኩስ ነበር።

«ነገ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ» አልኩት። «እውነቱን ልንገራቸውና ይለቅ።»

«አትንገሪያቸው።»

«ካልነገርኳቸው ቀለበትህን ይመልሱታል።»

«ይመልሱት። ጥርስ የሚለውን ቃል ቢሰሙ ያቺን ቀን ያስታውሷታል፣ ቀጭ ያለውን ሁሉም ሰው ሰምቶታል። ማዕረግ፣ ስለ እመቤታችን።»

«እኔን ትተወኛለህ?»

«አልተውሽም። እናትሽን አዋርደሽ ግን እንድታገቢኝ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ እናቴ እላቸዋለሁ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ለራሱ ሲል እንዴት እንደሚዋሽ ነው የተማርኩት። ለሌላ ሰው ሲል አፉን የዘጋ ሰው ግን ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ አላውቅም። ደብዳቤዬን ከእጁ ተቀብዬ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። እማማ ጠጅቱ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው አጥሚት ቀዱልኝ። ጠጣሁት።

* * *

ደባርቅ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እናቴ ደጃፉ ላይ፣ ብርሃኑ በሚመታበት በኩል ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ቆሜ አየኋት። ሰፌዱን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትፈልገው። ስንት ወር እንዲህ ስትለቅም ኖራለች? ዓይኗን ለሐኪም የማሳይበትን ዘዴ እፈልጋለሁ፤ እሷም ሳታፍር፣ እኔም ሳልዋሻት የሚሆን ዘዴ ካለ። ለዛሬ ግን ሌላ ጭንቅ ነበረብኝ።

ከውስጥ ልደቱና ጋሽ ውዱ ተቀምጠዋል። የነገውን ሊመክሩ ነው የተጠሩት። ስገባ ንግግራቸውን አቋረጡ። እናቴም ሰፌዷን ይዛ ተከተለችኝ።

«አገኘሽው?» አለችኝ።

«አገኘሁት።»

«ከሴት ጋር?»

«ከአክስቱ ጋር።»

ልደቱ በምፀት ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ቁርባኑን ለምን እንደፈራ ነገረሽ?»

ጋሽ ውዱ ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። ሦስቱም አፌን ያያሉ። በመንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ታሞ ነው ብል የምን ሕመም ትላለች። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ነው ብል እሑድ ሳይደርስ ይጣራል። የትኛውም መልስ ተመልሶ ወይ አለነ ላይ ይወድቃል፣ ወይ ያ ሰፌድ ላይ።

«እሱ አይደለም» አልኩ። «ይዘግይልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ልደቱ ቀና አለ።

«አንቺ?» አለች እናቴ።

«እኔ። እሱ ለእኔ ብሎ ነው ጥፋቱን የተሸከመው። ከንስሐ አባቴ ጋር የምጨርሰው ነገር አለኝ።»

«ምን ሠርተሽ?»

ሐሙስ ዕለት አለነን የጠየቅኩት ጥያቄ ነው፤ በዚያው ድምፅ። በእኛ አገር ወንድ ቁርባን ቢያዘገይ ሌላ ሴት አለችው ይባላል። ሙሽራ ካዘገየች ግን ክብሯን አጥታለች ነው የሚባለው፤ ሰውም ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። ይህን እያወቅኩ ነው አፌን የከፈትኩት። አሁን ደግሞ መዝጋት ነበረብኝ። ዘጋሁት።

ልደቱ ብድግ ብሎ ወጣ፤ በሩን ሲዘጋው ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ውዱ «እግዚአብሔር ይርዳሽ ልጄ» ብለው መሬት መሬቱን አዩ። እናቴ ሰፌዷን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ እኔ ተጠጋች። አጠገቤ እስክትደርስ ድረስ ፊቴ በደንብ እንደማይታያት አሁን አውቄአለሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ነገ ቀለበቱን አንመልስም» አለች ድምፅዋ እየደረቀ። «ከእንግዲህ የሚመልስ ቢኖር እሱ ነው። እስኪ የጊቹ ልጅ አንቺን ይተውሽ እንደሆነ እናያለን።»

ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አለነን ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። ያማል። «እማዬ፣ ውሸት ነው» ልል ነበር፤ ከንፈሬ ሲከፈት ተሰማኝ። እጄን አንሥቼ አፌን ሸፈንኩ። በሕይወቴ የተጠረጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ፤ እናቴ እንደገና በቀድሞው ዓይኗ የምታየኝ መቼ እንደሆነ አላውቅም። አለነን ግን እንደዚያች ሰዓት አድርጌ ወድጄው አላውቅም።